ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ እንዳይሆን፦ የምር ለመምራት የሚረዳ መመሪያ

አንድ ሪፖርት ነበር። ለደንበኛ የተላከ ነው። አራተኛው ገጽ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ስህተት ነበረበት። ስህተቱን ከቡድናችን ሦስት ሰዎች ያውቁ ነበር፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አውቀው ዝም አሉ። እኔ የሰማሁት ከደንበኛው ነው።

ከሦስቱ በዕድሜ ትንሹን ለብቻው ጠርቼ "ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። ጫማውን እያየ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ "ባለፈው ወር ባልደረባዬ ችግር አለ ብላ ስትመጣ ያሏትን ሰምቼ ነበር" አለኝ። ያልኳት ትዝ አለኝ። ዓይኔን ከላፕቶፑ ሳላነሳ "ችግር ሳይሆን መፍትሔ ይዘሽ ነይ" ነበር ያልኳት። ቆፍጣና አመራር መስሎኝ ነበር። እነሱ የሰሙት ግን ሌላ ነው፦ "መፍትሔ ከሌለህ አትምጣብኝ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ አመራር ሲወራ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው አንድ ጥያቄ ነው። መጥፎ ዜና በስንት ጊዜ ይደርሰኛል?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ ኋላ የሚሰማው ራሱ ነው። ሥልጣን ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ሰው አለቃው ጥርስ ውስጥ ላለመግባት ሲል ያየውን እንዳላየ ያልፋል፤ ሆድ ይፍጀው ይላል። መጥፎ ዜና ሳይዘገይ የሚደርሰው መሪ ግን ሁለት ነገር በእጁ አለ። ችግሩን ገና በእንጭጩ ስለሚያውቀው ሊያስተካክለው ይችላል። ሰዎቹ ደግሞ አምነውታል፤ ቃሉና ሥራው ለማይገናኝ አለቃ ማንም ደፍሮ እውነቱን አይነግርም። ውጤታማነትና እውነተኛነት የሚገናኙት እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከታች ያለው ይህን መንገድ ለመክፈት የሚረዳ አካሄድ ነው። ሦስት ሰው ለሚያስተባብርም ሦስት መቶ ሰው ለሚመራም ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ብትጠብቁ ይሻላል። በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳትሠሩ ወደ ሦስተኛው አትዝለሉ።

እርምጃ 1፦ መጀመሪያ ለኩ

ወረቀት አውጡ። በቅርቡ በሥራችሁ ላይ የተበላሹ ሦስት ነገሮችን ጻፉ። የዘገየ ሥራ፣ የተቆጣ ደንበኛ፣ ሊለቅ የወሰነ ሠራተኛ፣ ማንኛውም ይሁን። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ሦስት ነገር አስፍሩ። መቼ ተከሰተ? እኔ መቼ ሰማሁ? ከማን ሰማሁ?

በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ፣ ያውም ከራሱ ከሠራው ሰው አፍ ከሰማችሁ፣ ጥሩ ላይ ናችሁ። ከሳምንት በኋላ ከሦስተኛ ሰው ከሰማችሁ መንገዱ የሆነ ቦታ ተዘግቷል። ከውጭ ሰው ከሰማችሁ ደግሞ የእኔ ዓይነት ችግር አለባችሁ።

ሦስት የተበላሸ ነገር ማስታወስ ካቃታችሁስ? ከሁሉም የሚያሳስበው ይኼ ነው። ምንም የማይበላሽበት የሥራ ቦታ የለም። የማይነገርበት ግን ሞልቷል።

አንድ ማሳሰቢያ። ይህን ወረቀት ይዛችሁ "ማነው የደበቀኝ?" ብላችሁ ፍለጋ እንዳትጀምሩ። አንድ ጊዜ እንዲህ ካደረጋችሁ የቀረውም በር ይዘጋል። ወረቀቱን አጥፋችሁ አስቀምጡት፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

እርምጃ 2፦ የቃልና የሥራ ደብተር

ለሁለት ሳምንት አንድ ትንሽ ደብተር ያዙ። ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በግራ በኩል በዚያ ቀን ያላችሁትን ጻፉ፦ "ነገ አየዋለሁ"፣ "በሬ ሁሌም ክፍት ነው"፣ "ከሥራው በፊት ሰው ይቀድማል"። በቀኝ በኩል ያደረጋችሁትን።

ሥራው ቀላል ነው፤ ማንበቡ ግን ያማል። አንድ ሰው "በሬ ክፍት ነው" ብሎ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሳምንት ወደ ቢሮው ብቅ ካሉት አምስት ሰዎች አራቱን "ትንሽ ቆይ፣ ቢዚ ነኝ" ብሎ መልሷቸው ከሆነ ግን በሩ ክፍት አይደለም። ሠራተኞች ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን መርህ አያነቡም። የሚያነቡት የትኛውን ቀጠሮ እንደምትሰርዙ፣ የማን ስልክ ሲደወል ከወንበር እንደምትነሱ ነው።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን ጥሩ አነጋገር አለው። ከአንገት በላይ የሆነ ነገር አለ፤ ከአንጀት የሆነ ነገር አለ። ሰው ሁለቱን ለመለየት ሥልጠና አያስፈልገውም። ፌክ የሆነውን ወዲያው ይይዘዋል።

ሁለቱ ሳምንታት ሲያልቁ ደብተሩን ተመልከቱ። ግራና ቀኙ የማይገናኝባቸውን ምረጡና ለእያንዳንዱ ከሁለት አንዱን አድርጉ፦ ወይ መሥራት ጀምሩ፣ ወይ ማለት አቁሙ። እኔ ማለት ማቁሙን አስቀድማለሁ። ትንሽ ቃል ገብቶ ያንኑ የሚፈጽም መሪ፣ ሁሉን ቃል ከሚገባ ይልቅ ይታመናል። "በሬ ሁሌም ክፍት ነው" የሚለውን ትታችሁ "ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ማንም ያለቀጠሮ ይግባ" ብትሉና ብትጠብቁት፣ በአንድ ወር ውስጥ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

እርምጃ 3፦ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህን ነው። አንድ ሰው መጥፎ ዜና ይዞ ሲመጣ፣ ወደፊት እንደገና ይመጣል ወይስ አይመጣም የሚለው የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች ነው። የሚያየውም ፊታችሁን ነው።

እስቲ አስቡት። ልጅቷ በር ላይ ቆማለች። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ልትናገረው ያለችውን ኮሪደሩ ላይ ሦስት ጊዜ ለራሷ ብላዋለች። "ይቅርታ፣ አንድ ነገር ነበር..." ትላለች። እናንተ አንድ ጊዜ በረጅሙ ብትተነፍሱ፣ አንድ ጊዜ ሰዓታችሁን ብታዩ፣ ወይም ግንባራችሁን ብትቋጥሩ በቃ። ዜናውን ግማሹን ትነግራችሁና ትሄዳለች። ግማሹ ሆዷ ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ እነዚህን ተለማመዱ። መስታወት ፊትም ቢሆን ተለማመዱ፤ የምሬን ነው።

በመጀመሪያ እጃችሁን ነፃ አድርጉ። ላፕቶፑ ይከደን፣ ስልኩ ይደፋ። "እየሰማሁሽ ነው" እያሉ መጻፍ አለመስማት ነው።

ቀጥሎ አመስግኑ። በአጭሩ፣ ያለማጋነን። "ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ" በቂ ነው።

ከዚያ ጠይቁ፤ ግን "ማን ነው?" ብላችሁ አትጀምሩ። "እስካሁን የምናውቀው ምንድን ነው? ያላወቅነውስ?" በሉ። "ማን" ብሎ የሚጀምር ጥያቄ ሰዉን ሁሉ ጠበቃ ያደርገዋል። "ምን" የሚለው ወደ ሥራው ይመልሰዋል። ከሁሉ የከፋው ጥያቄ "ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?" የሚለው ነው። እኔም ያንን ልጅ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። እየነገረች ያለችን ሰው ስለነገረች መቅጣት ነው። የመዘግየቱን ነገር አጣሩ፤ ግን በዚያ ሰዓት አይደለም።

መጨረሻ ላይ የሚቀጥለውን ንገሯት። "እስከ አሥር ሰዓት አስቤበት እመለስልሻለሁ።" አሥር ሰዓት ሲሆን ተመለሱ።

ብትናደዱስ? ትናደዳላችሁ፤ ሰው ናችሁ። ንዴቱን ውጦ ፈገግ ማለት ከአንገት በላይ ነው፣ ያስታውቃል። "ደንግጫለሁ። አሥር ደቂቃ ስጪኝና እንነጋገር" ማለት ይቻላል። እውነትም ነው፣ ሰውም አይጎዳም።

ይህ ሁሉ ለስላሳ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ የተመራማሪዋን የኤሚ ኤድመንድሰንን ታሪክ ልንገረው። በ1990ዎቹ (እዚህ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተቶችን ታጠና ነበር። የተሻለ የሚግባቡና በደንብ የሚመሩ ቡድኖች ያነሰ ስህተት ይኖራቸዋል ብላ ጠበቀች። መረጃው ተቃራኒውን አሳያት፤ ጥሩዎቹ ቡድኖች የበለጠ ስህተት ተመዝግቦባቸዋል። ጠለቅ ብላ ስትመረምር ነገሩ ገባት። እነዚህ ቡድኖች ስህተታቸውን ይናገራሉ፤ ሌሎቹ ይሸፋፍናሉ። ጥናቱ በ1996 ታተመ። እሷም በ1999 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ሰው ሳይሸማቀቅ የሚናገርበትን የቡድን መንፈስ "ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት" ብላ አብራርታዋለች። ወረቀት ላይ ንጹሕ የሚመስል ቡድን ሲገጥማችሁ ቶሎ አትደሰቱ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ያለው ገበሬ ይህን ቀድሞ ያውቅ ነበር።

እርምጃ 4፦ ስብሰባ ላይ መጨረሻ ተናገሩ

እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በቴነሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያው ላይ ተጋጩ። 583 ሰዎች ሞቱ። በአቪዬሽን ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ ብዙ ሰው ያለቀበት አደጋ ነው። ጉም ነበር፤ የሬዲዮ ግንኙነቱም ጥርት ያለ አልነበረም። የኔዘርላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም አውሮፕላን ዋና አብራሪ የመነሻ ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ጀመረ። የፓን አሜሪካኑ አውሮፕላን ገና ከማኮብኮቢያው አልወጣም ነበር።

እኔን ሁሌም የሚያስጨንቀኝ አንድ ቅጽበት አለ። እየተንደረደሩ እያለ የበረራ መሐንዲሱ ያኛው አውሮፕላን ወጥቷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥርጣሬው ትክክል ነበር። ዋናው አብራሪ ወጥቷል ብሎ በእርግጠኝነት መለሰ። መሐንዲሱ ዝም አለ። ረዳት አብራሪውም አልደገመም። ዋናው አብራሪ በአየር መንገዱ እጅግ የተከበረ፣ ሌሎችን የሚያሠለጥን ሰው ነበር። እሱ እርግጠኛ ሆኖ ሲናገር ሌላው ዓይኑ ያየውን መጠራጠር ይጀምራል።

ከዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ አቪዬሽን አሠራሩን ለወጠ። ዩናይትድ ኤርላይንስ በ1981 የበረራ ቡድኑ በሙሉ የሚሳተፍበት ሥልጠና ጀመረ፤ ከዚያም በዓለም ተዳረሰ። ዋናው አብራሪ እንዲጠይቅና እንዲሰማ፣ ሌሎቹም ጥርጣሬያቸውን ግልጥ አድርገው እንዲናገሩ ይሠለጥናሉ።

እናንተ አውሮፕላን አታበሩ ይሆናል። ስብሰባ ላይ ግን የእናንተ "እርግጠኛ ነኝ" ያው ጉልበት አለው። ቦሱ ሐሳቡን ከተናገረ በኋላ የሚሰማው "ልክ ነው" ብቻ ነው። ስለዚህ ዝም በሉ። ጉዳዩን አስተዋውቁና ለአምስት ደቂቃ ሁሉም ሐሳቡን በወረቀት ይጻፍ። ከዚያ በቅርቡ ከተቀጠረው ጀምሮ ያንብብ። እናንተ መጨረሻ።

ጥያቄያችሁንም አስተካክሉ። "ሁላችንም ተስማምተናል አይደል?" ጥያቄ አይደለም። እኔ ጋሪ ክላይን ከሚባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ያገኘሁትን እጠቀማለሁ። "ጊዜው ከስድስት ወር በኋላ ነው እንበል። ይህ እቅድ ወድቋል። ለምን ወደቀ?" ሲባል ሰው አፉን ይከፍታል። ተቃዋሚ መሆኑ ቀርቶ የተሰጠውን ሥራ እየሠራ ነውና።

ስለሚያጉረመርሙትም አንድ ነገር ልበል። የዋልታ ምድር አሳሹ ኧርነስት ሻክልተን መርከቡ በ1915 አንታርክቲካ አካባቢ በበረዶ ተጨፍልቃ ስትሰምጥ 27 ሰዎች በእጁ ነበሩ። በረዶው ላይ ድንኳን ሲመደብ ሊያስቸግሩ ይችላሉ ያላቸውን ወደ ራሱ ድንኳን ነው ያስገባቸው። እሱን ጨምሮ ከመርከቧ የተረፉት 28ቱም ሰዎች በሕይወት ወጥተዋል። የሚያጉረመርመውን ሰው ከራቀ ጥግ አንስታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡት። ብዙ ጊዜ ሌሎቹ የፈሩትን የሚናገረው እሱ ነው።

እርምጃ 5፦ እውነተኛ መሆን ሁሉን ማፍሰስ አይደለም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እውነተኛ ሁኑ ሲባል የተሰማንን ሁሉ እንድናወጣ የተነገረን ይመስለናል።

የአመራር ተመራማሪዋ ኸርሚኒያ ኢባራ በ2015 ባወጣችው ጽሑፍ ኃላፊነቷ በድንገት ስለሰፋ አንዲት ሥራ አስኪያጅ ታነሳለች። ሴትየዋ ግልጽነት ታምናለችና ለአዲሶቹ ሠራተኞቿ ሥራውን እንደምትፈልገው፣ ግን እንደሚያስፈራትና እርዳታቸው እንደሚያስፈልጋት ነገረቻቸው። የተናገረችው እውነት ነበር። ሰዎቹ ግን የሚመራቸው፣ የሚያረጋጋቸው ሰው ነበር የሚፈልጉት። ተዓማኒነቷን አጣች።

እኔ ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ራሴን እጠይቃለሁ። ይህን የምናገረው ለእነሱ ስለሚጠቅም ነው ወይስ እኔ እንዲቀለኝ? እንዲቀለኝ ከሆነ ለጓደኛ፣ ለቤተሰብ ነው የሚነገረው። "የዚህን መልስ አላውቀውም፤ እስከ ዓርብ አጣራለሁ" ማለት ይጠቅማቸዋል። "ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ምን እንደምንሆን እንጃ" ማለት ጭንቀታችሁን ጭናችሁባቸው መሄድ ነው።

"እኔ እንዲህ ነኝ፣ ፊት ለፊት ነው የምናገረው" የሚለውም መሸሸጊያ አይሁን። ሰው ፊት ሰውን ማዋረድ ባሕርይ ተብሎ አይታለፍም።

እርምጃ 6፦ ወስኑ፣ ምክንያቱንም ንገሩ

መስማት ማለት ድምፅ ማሰጠት አይደለም። ሁሉን ሰምቶ የማይወስን መሪ፣ ከማይሰማው ባልተናነሰ ሰው ያደክማል። ውሳኔውን ስትናገሩ ያልተቀበላችሁትን ሐሳብ በባለቤቱ ፊት አንሱት፤ ለምን እንዳልተቀበላችሁት በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ሐሳቡ የተጣለበት ሰው ተሰምቶ መጣሉን ካወቀ በሚቀጥለውም ይናገራል።

እርምጃ 7፦ "ተደረገ" ከሚለው ግሥ ውጡ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጄኔራል ድዋይት አይዘንሃወር በጁን 1944 ከኖርማንዲ ወረራ በፊት አንዲት አጭር ማስታወሻ ጽፎ ኪሱ ከተተ። ወረራው ቢከሽፍ የምትነበብ ነበረች። ወታደሮቹ ግዴታቸውን በጀግንነት ተወጥተዋል፤ ጥፋት ካለ የእኔ ብቻ ነው ትላለች። ወረራው ስለተሳካ አልተነበበችም። ወረቀቷ ግን ተገኝታለች፤ እርማቷም አብሮ ይታያል። መጀመሪያ የጻፈው "ወታደሮቹ እንዲመለሱ ተደርገዋል" የሚል ዓይነት ነበር። ያንን ሰርዞ "ወታደሮቹን መልሻለሁ" አደረገው።

ያቺን እርማት አስቡ። ማንም ባላየው ወረቀት ላይ፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል፣ ግሡን ወደ ራሱ አመጣው።

የእኛ ቋንቋ በዚህ በኩል ለአለቃ በጣም ይመቻል። "ስህተት ተፈጥሯል።" "ክፍተት ታይቷል።" "እንዲዘገይ ሆኗል።" ማን ፈጠረው? ማን አዘገየው? ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የለውም። በሚቀጥለው ሪፖርታችሁ ወይም ደብዳቤያችሁ ላይ እነዚህን ግሦች ፈልጉና የእናንተ በሆነው ቦታ ላይ "እኔ" አስገቡ፦ "ቀኑን ሳላጣራ ቃል ገባሁ።" ለምስጋና ደግሞ ተቃራኒው ነው። "ሥራው በጥሩ ሁኔታ ተጠናቋል" ሳይሆን የሠራውን ሰው ስም ጥሩ፤ ምን እንዳደረገም ለይታችሁ ተናገሩ።

ይህ ማለት ግን ሌላው ሁሉ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ሦስት ነገሮችን ለዩ። የማያውቀውን ሲሠራ የተሳሳተ ሰው ይማር። እያወቀ በግድየለሽነት የሚደጋግም ሰው ለብቻው ይጠራ፤ ያየነው ድርጊት ይነገረው፣ ያስከተለው ጉዳት ይነገረው፣ ከመቼ ጀምሮ መለወጥ እንዳለበት ይነገረው። "አንተ ሰነፍ ነህ" አይባልም፤ "በዚህ ወር ሦስቱን ሪፖርቶች ከቀነ ገደቡ በኋላ ነው ያስረከብከው" ይባላል። የመናገር በር ተከፍቶለት ሳለ ሆነ ብሎ የሚደብቅ ሰው ላይ ደግሞ እኔ አልራራም። መደበቅ የሌላውን ሁሉ እምነት ይበላል።

እርምጃ 8፦ ክፍሉን ለቃችሁ ውጡ

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኩርት ሌዊን፣ ሮናልድ ሊፒትና ራልፍ ዋይት በ1939 ያሳተሙት ጥናት አለ። የአሥር ዓመት ወንድ ልጆችን በቡድን ከፍለው በተለያየ ዓይነት መሪ ሥር አሠሯቸው። ሁሉን የሚያዝ መሪ ያላቸው ልጆች እሱ ባለበት ተግተው ይሠሩ ነበር። ከክፍሉ ሲወጣ ሥራው ቀጥ ይላል። አብሯቸው የሚመክር መሪ የነበራቸው ግን እሱ ወጥቶም ይቀጥላሉ። ዝም ብሎ የተዋቸው መሪ ሥር ደግሞ ብዙም ሥራ አልተሠራም።

እናንተም ሞክሩት። ለአንድ ሳምንት ከሥራው ራቁ፤ እረፍት ውሰዱ ወይም ሌላ ቦታ ሆናችሁ ሥሩ። በየሰዓቱ አትደውሉ። ስትመለሱ ሁለት ነገር ተመልከቱ፦ ምን ቆሞ ጠበቃችሁ? ምን ተበላሽቶ ራሳቸው አስተካከሉት? ቆሞ የጠበቃችሁ ነገር ሁሉ ገና ያላስረከባችሁት ሥልጣን ነው።

ሦስት ወር ሲሞላ የመጀመሪያውን ወረቀት አውጡ። ሦስት አዳዲስ መጥፎ ዜናዎችን በዚያው መንገድ ሙሉና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ቀኖቹ አጥረው እንደሆነ ታያላችሁ። ካላጠሩ ወደ እርምጃ 3 ተመለሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው እዚያ ነው።

የእኔ መጀመሪያ ወረቀት ላይ "ዘጠኝ ቀን፣ ከደንበኛው" ይላል። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ሰው ሁሉ ሊወጣ ሲል፣ ያ ጫማውን ያይ የነበረው ልጅ በሬ ላይ ቆመ። "አንድ ነገር አበላሽቻለሁ" አለ። "መቼ?" አልኩት። "አሁን፤ ሃያ ደቂቃ አይሆነውም።" ላፕቶፑን ከደንኩና ወንበር ሳብኩለት።